ግድግዳው አይረሳም፦ የፍራክሽናል ኢንቴግሮ-ዲፈረንሻል እኩልዮሽ ምንድን ነው? እንዴትስ ይፈታል?

ኅዳር ላይ መሃል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን ያመሸ ሰው ውርጩን ያውቀዋል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በሆነ የመንዝ ቤት ኩበት ተቀጣጥሎ እንኳ ክፍሉ ቶሎ አይሞቅም፤ ሙቀቱን አስቀድሞ የሚጠጣው ግድግዳው ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ አመዱ ቀዝቅዞ ግድግዳው ገና ለብ እንዳለ ነው። ታዲያ «አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ግድግዳው ስንት ሙቀት እየጠጣ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የአሁኑን ሙቀት ብቻ መለካት አይበቃውም። ከምሽቱ መጀመሪያ አንስቶ ግድግዳው መቼ፣ ምን ያህል እንደሞቀ ማወቅ አለበት።

በየዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ትምህርት ክፍል በመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስነት እየተደጋገመ የሚታየው «ፍራክሽናል ኢንቴግሮ-ዲፈረንሻል እኩልዮሽ» የሚያወራው ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ያለፈውን ስለማይረሳ ነገር። ስሙ ቢረዝምም ተበትኖ ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም።

ስሙ ሲበተን ምን ይላል?

ዴሪቬቲቭ አንድ ነገር በዚህ ቅጽበት ምን ያህል በፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነ ይናገራል። የመኪና ፍጥነት መለኪያ ማለት ነው፤ ጣርማ በር ላይ ስንት እንደነዳችሁ አይጠይቅም፣ የአሁኑን ብቻ ያነባል። ኢንቴግራል ደግሞ የተጠራቀመ ድምር ነው፤ በዚያው መኪና ላይ ከመነሻው ጀምሮ የተሄደውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ክፍል። ሁለቱም ባሉበት እኩልዮሽ ውስጥ የምንፈልገው አንድ ቁጥር ሳይሆን ከጊዜ ጋር የሚሄድ መስመር ሲሆን ኢንቴግሮ-ዲፈረንሻል ይባላል። «ፍራክሽናል» የሚለው ቃል የሚገባው ዴሪቬቲቩ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ጊዜ ወይም 0.8 ጊዜ ሲሆን ነው።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ዴሪቬቲቭ የዴሪቬቲቭ ግማሽ አይደለም፤ እኩልዮሹ ውስጥ ክፍልፋይ ቁጥር አለ ማለትም አይደለም። ትርጉሙ፦ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲሠራ አንድ ሙሉ ዴሪቬቲቭ የሚሰጥ ሥራ ነው። ጊዜን «ጊ» እንበለውና የጊን ዴሪቬቲቭ እንውሰድ፤ ሁልጊዜ 1 ነው፣ ግማሹ 0.5። የጊ ግማሽ ዴሪቬቲቭ ግን 2√(ጊ/ፓይ) ነው። ጊ 1 ሲሆን 1.128፣ ጊ 4 ሲሆን 2.257። ከ0.5 ጋር አይገናኝም።

ጥያቄው ያረጀ ነው። በአውሮፓውያኑ 1695 ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ላይብኒዝ ለፈረንሳዊው ባልደረባው ሎፒታል በጻፈው ደብዳቤ የግማሽ ዴሪቬቲቭን ነገር አንስቶ፣ ለጊዜው እንቆቅልሽ ቢመስልም አንድ ቀን ጠቃሚ ውጤት ይወጣዋል ብሎ ነበር። በ1823 ኖርዌያዊው አቤል፣ ከየትኛውም ከፍታ ቢለቀቅ እኩል ጊዜ ወስዶ ታች ስለሚደርስ ተንሸራታች ነገር ሲያሰላ ተጠቀመበት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ትርጓሜ ጣሊያናዊው የምድር ሳይንስ ሊቅ ካፑቶ በ1967 አቀረበው።

ግድግዳው እንዴት ያስታውሳል?

የግድግዳው ፊት በአንድ ጊዜ 1 ዲግሪ ጨምሮ እዚያው ቆየ እንበል። መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይንደረደራል፤ የሞቀው ክፍል እየጠለቀ ሲሄድ ግን ጉጉቱ ይቀንሳል። በድንጋይ ውስጥ ሙቀት በ1 ሰዓት ጊዜ በግምት 6 ሳንቲ ሜትር፣ በ4 ሰዓት 12፣ በ9 ሰዓት 18 ሳንቲ ሜትር ይዘልቃል። የሚጠጣው መጠንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ከ1 ሰዓት በኋላ የነበረው ከ4 ሰዓት በኋላ ግማሽ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ሲሶ ይሆናል። የሚከፋፍለው ያለፈው ጊዜ ስኩዌር ሩት ነው።

ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ከጨመረስ? እያንዳንዱን ትንሽ ጭማሪ ለብቻ ወስደን፣ ከተጨመረ ወዲህ ላለፈው ጊዜ ስኩዌር ሩት እናካፍለዋለን፤ ሁሉንም እንደምራለን፤ በመጨረሻ ለ√ፓይ ማለትም ለ1.7725 እናካፍላለን። ይኸው ነው፤ አሁን የሠራነው የካፑቶ ግማሽ ዴሪቬቲቭ ነው። ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ የሚጠጣው ሙቀት የፊቱ ሙቀት ግማሽ ዴሪቬቲቭ ነው ሲባል ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ ከሙቀት ፍሰት ሕግ በቀጥታ የሚወጣ ነው። ከድንጋዩ ዓይነት የሚመጣ አንድ ማባዣ ብቻ ይቀረዋል።

የምንፈታው እኩልዮሽ የትኛው ነው?

ከመነሻው በላይ የጨመረውን የግድግዳ ፊት ሙቀት «ሙ» እንበለው። እሳት የምታነደው ሴት በመጀመሪያ 1 መጠን ሙቀት ትሰጣለች፤ ቤቱ እየሞቀ ሲሄድ ግን እስካሁን የተጠራቀመውን ያህል ከእሳቱ ትቀንሳለች። አየሩንና ጣራውን ለጊዜው ትተን እሳቱ የሚሰጠው ሁሉ ወደ ግድግዳው ይገባል ካልን፦

የሙ ግማሽ ዴሪቬቲቭ + የሙ ኢንቴግራል = 1፤ መነሻው ሙ(0) = 0

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመጠኑ እንጂ ዲግሪና ሰዓት አይደሉም፤ ከ0 እስከ 1 ያለውን ጊዜ ብቻ እናያለን። ትንሽ እኩልዮሽ ናት፣ ግን ዴሪቬቲቩም፣ ክፍልፋዩም፣ ኢንቴግራሉም አሉባት። በሁለቱም መንገድ፣ በቀመርም (አናሊቲካል) በእርምጃ ስሌትም (ኑሜሪካል)፣ መፈታት ስለምትችል ደግሞ ለትምህርት ትመቻለች።

አናሊቲካል መፍትሔ ማለት ምን ማለት ነው?

ያለ ግምት፣ በቀመር መፍታት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጋማ የተባለው ፈንክሽን ነው። ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉትን ሁሉ ማባዛት) ለሙሉ ቁጥር የሚሠራውን ጋማ ለክፍልፋይም ይሠራል፤ ጋማ(3) = 2፣ ጋማ(4) = 6፣ ጋማ(1.5) = 0.8862፣ ጋማ(4.5) = 11.632። አንድ ቁጥር የሚዛነፍ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጋማ(4) የ4 ሳይሆን የ3 ፋክቶሪያል ነው። የብዙ ተማሪ መልስ የሚበላሸው በዚችው አንድ ቁጥር ነው።

ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ ይበቃል፦ ጊን በአንድ ፓወር ከፍ አድርገን ለ«ጋማ(ፓወር + 1)» ስናካፍለው የሚገኘው ነገር፣ ግማሽ ጊዜ ሲጠራቀም (ማለትም ሁለት ጊዜ ቢደገም አንድ ሙሉ ኢንቴግራል የሚሰጠው ሥራ ሲሠራበት) ፓወሩ በግማሽ ይጨምራል፣ ጋማውም አብሮት በግማሽ ይጨምራል። ሌላ የሚለወጥ የለም።

አሁን የእኩልዮሹን ሁለት ወገን ግማሽ ጊዜ እናጠራቅም። በግራ ያለው ግማሽ ዴሪቬቲቭ ይፈታና ሙ ብቻውን ይቀራል፣ መነሻው ዜሮ ስለሆነ። ኢንቴግራሉ አንድ ጊዜ ተጠራቅሞ የነበረ ነውና አሁን አንድ ተኩል ይሆናል። በቀኝ ያለው 1 ወደ √ጊ/ጋማ(1.5) ይለወጣል። ስለዚህ፦

ሙ = √ጊ/ጋማ(1.5) − (አንድ ተኩል ጊዜ የተጠራቀመ ሙ)

ሙ በሁለቱም ወገን መኖሩ አያስቸግር። የመጀመሪያውን ቁራጭ በቀኝ በኩል ባለው ሙ ቦታ እንተካዋለን፤ ፓወሩ በ1.5 ይጨምራል፣ ምልክቱ ይገለበጣል። የወጣውን እንደገና እንተካለን። የሚገኘው ሰንሰለት ይህ ነው (^ ምልክቱ ፓወርን ያሳያል)፦

ሙ = ጊ^0.5/ጋማ(1.5) − ጊ^2/ጋማ(3) + ጊ^3.5/ጋማ(4.5) − ጊ^5/ጋማ(6) + …

ጊ = 1 ላይ ቁራጮቹ 1.12838፣ ከዚያ ሲቀነስ 0.5፣ ሲደመር 0.08597፣ ሲቀነስ 0.00833፣ ሲደመር 0.00053 ናቸው። በ5 ቁራጭ ብቻ 0.7066 ደረስን፤ ሁለት ቢጨመር 0.7065 ላይ ይረጋል። በስልክ ካልኩሌተር የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይህ ሰንሰለት በስዊድናዊው ሚታግ-ሌፍለር ስም ከሚጠሩት ፈንክሽኖች አንዱ ነው። ላፕላስ ትራንስፎርም (እንዲህ ያለውን እኩልዮሽ ወደ ተራ አልጀብራ የሚለውጥ ዘዴ) የሚወድ ሰው በሁለት መስመር ወደዚሁ ይደርሳል። የአዶሚያን ዘዴ ወይም የቫሪዬሽናል ኢተሬሽን ዘዴ የሚባሉትም እንዲህ ባለ ቀጥተኛ እኩልዮሽ ላይ ብዙውን ጊዜ እነዚህኑ ቁራጮች ነው የሚያመጡት፤ ስማቸው መለያየቱ የተለየ መልስ ያላቸው አያስመስላቸው።

ሰንሰለቱ የሚበጠስበት ቦታ ግን አለ። ጊ 10 ሲደርስ አንዳንዱ ቁራጭ ከ2700 ይበልጣል፤ የሁሉም ድምር ግን ከ1 በታች ነው። ሺዎች እየተቀናነሱ ኢምንት ሲቀር ካልኩሌተሩ የያዛቸው የመጨረሻ ዲጂቶች ይጠፋሉ። በቀመር የተገኘ መልስ ሁሉ ለማስላት ይመቻል ማለት አይደለም። እሳት የምታነደው ሴት በድምሩ ፋንታ የሙቀቱን ስኩዌር እያየች ብትቀንስ ደግሞ ላፕላስ ከነጭራሹ አይሠራም። ያኔ ወደ ሁለተኛው መንገድ እንሄዳለን።

ኑሜሪካል አፈታትስ?

ጊዜውን እንቆራርጠዋለን። በ4 እርምጃ እንሂድ፤ እያንዳንዱ 0.25። በሁለት ነጥብ መካከል ሙ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል ብለን እንገምታለን። ከዚህ ግምት ኤል-አንድ የሚባለው ዘዴ ይወጣል፤ አሠራሩም እንዲህ ነው።

የየእርምጃውን ጭማሪ በክብደት እናባዛለን። ለቅርቡ ጭማሪ 1፣ ከዚያ በፊት ለነበረው √2 − 1 = 0.4142፣ ለቀጣዩ √3 − √2 = 0.3178፣ ከዚያ 2 − √3 = 0.2679። ይኸው ትዝታው በቁጥር ተቀመጠ፤ የቆየው እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ድምሩን በ1/(√0.25 × ጋማ(1.5)) = 2.2568 እናባዛለን። ለኢንቴግራሉ የትራፔዚየም ስፋት ይበቃል፤ የሁለቱ ጫፎች ግማሽ፣ የመካከሎቹ ሙሉ፣ በ0.25 ተባዝቶ።

እርምጃ 1፦ 2.2568 × ሙ + 0.125 × ሙ = 1፤ ሙ = 1/2.3818 = 0.4199።

እርምጃ 2፦ ያልታወቀው ሙ ማባዣው ያው 2.3818 ነው። ወደ ቀኝ የሚሻገረው የታወቀው ክፍል ነው፦ 1 + 2.2568 × (0.4199 − 0.4142 × 0.4199) − 0.25 × 0.4199 = 1.4501። ለ2.3818 ሲካፈል 0.6088።

ቀሪዎቹ ሁለት እርምጃዎች በዚሁ ይሄዳሉ፤ የሚረዝመው የኋላው ዝርዝር ብቻ ነው። ውጤቱ ከሰንሰለቱ ጋር ሲተያይ፦

ጊ = 0.25፦ ትክክለኛው 0.5336፣ በእርምጃ 0.4199
ጊ = 0.50፦ ትክክለኛው 0.6802፣ በእርምጃ 0.6088
ጊ = 0.75፦ ትክክለኛው 0.7255፣ በእርምጃ 0.6881
ጊ = 1.00፦ ትክክለኛው 0.7065፣ በእርምጃ 0.6970

ለምን መጀመሪያው ላይ ይህን ያህል ሳተ?

መጨረሻው ላይ ስህተቱ 1.3 በመቶ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ግን 21 በመቶ። በተለመደው ዲፈረንሻል እኩልዮሽ የለመደ ሰው የሚጠብቀው ግልባጩን ነው፤ መነሻው አጠገብ ትክክል ሆኖ እየራቀ ሲሄድ መሳት።

«እርምጃውን ማሳጠር ነዋ!» ይባል ይሆናል። እንሞክረው። በ0.125 እርምጃ የመጀመሪያው ነጥብ 0.3073 ይወጣል፤ እዚያ ላይ ትክክለኛው 0.3912 ነው። አሁንም 21 በመቶ። በ0.001 ቢሠራም ያው ነው። ምክንያቱን በወረቀት ማሳየት ይቻላል። መነሻው አጠገብ እውነተኛው መልስ √ጊ/ጋማ(1.5) ነው፤ የእኛ ቀመር ደግሞ √ጊ × ጋማ(1.5) ይሰጣል። የሁለቱ ጥምርታ የጋማ(1.5) ስኩዌር ሲሆን እሱም ፓይ/4 = 0.785 ነው፤ እርምጃው የቱንም ያህል ቢያጥር ይህ አይለወጥም። ከሥሩ ያለው ችግር √ጊ ዜሮ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ገደል መቆሙ ነው። ገደልን በቀጥታ መስመር አስመስላለሁ ያለ፣ ገደሉ ሥር ሁልጊዜ ይስታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው እርምጃዎቹን መነሻው ላይ ማጥበቅ፣ ወደፊት ማስፋት፤ የደብረ ሲና ቁልቁለት ሲጀምር በአጭር እርምጃ፣ ሜዳው ላይ በረጅሙ እንደሚሄድ እግረኛ። ሁለተኛው፣ ለእኔ የሚሻለው፣ ገደሉን ነቅሎ ማውጣት ነው። √ጊ/ጋማ(1.5) በቀመር የታወቀ ስለሆነ ሙ = √ጊ/ጋማ(1.5) + ቀሪ ብለን፣ በእርምጃ የምንፈልገው ቀሪውን ብቻ እናደርጋለን። የቀሪው እኩልዮሽ በግራ ያው ነው፤ በቀኝ በ1 ፋንታ −ጊ^1.5/ጋማ(2.5) ይገባል። በእነዚያው 4 እርምጃዎች ሲሠራ የመጀመሪያው ነጥብ 0.5247 ይወጣል። ስህተቱ ከ21 በመቶ ወደ 1.7 በመቶ ወረደ፤ የተጨመረው ሥራ ግማሽ መስመር አልጀብራ ነው።

አናሊቲካሉና ኑሜሪካሉ የሚጋገዙትም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ በቀመር፣ የቀረውን በእርምጃ።

ውጤቱን እንዴት እናምነዋለን?

እርምጃውን በግማሽ አሳጥሮ እንደገና ማስላት። መልሱ ገደል የሌለበት ከሆነ በዚህ ዘዴ ግማሽ ዴሪቬቲቭ ላይ ስህተቱ በየጊዜው ወደ 2.8 እጥፍ ገደማ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ወይ ኮዱ ተሳስቷል ወይ መነሻው ላይ ገደል አለ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድም አለ። ኮዱን ለመፈተን መልሱ ሙ = ጊ የሚሆን እኩልዮሽ ይመረጥና ስህተቱ ዜሮ ሲወጣ ደስታ ይሆናል። ዘዴው ግን የተሠራው ቀጥታ መስመርን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ቀጥታ መስመር ላይ ከመሠረቱ ሊሳሳት አይችልም። ቢያንስ በጊ^2 ይፈተን፣ ከዚያ በ√ጊ።

ምን ያስከፍላል?

ትዝታ ዋጋ አለው። እያንዳንዱ አዲስ እርምጃ የቀደሙትን ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ 1,000 እርምጃ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ማባዛት ይጠይቃል፣ 10,000 እርምጃ ደግሞ 50 ሚሊዮን። እርምጃው 10 እጥፍ ሲሆን ሥራው 100 እጥፍ ነው። አንዳንዱ ለማሳጠር የቆየውን ትዝታ ቆርጦ ይጥላል፤ ነገር ግን ክብደቱ የሚቀንሰው በስኩዌር ሩት ነውና ከ100 ሰዓት በፊት የነበረው ጭማሪ እንኳ ከ1 ሰዓት በፊት ከነበረው አንድ አሥረኛ ክብደት አለው። የተቆረጠው ትዝታ ብዙ ሲሆን ድምሩ ቀላል አይሆንም።

ትርጓሜው ሁለት ነው ሲባልስ?

ሪማን-ሊዩቪል የሚባለው ትርጓሜ መጀመሪያ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ዴሪቬቲቭ ይወስዳል። የካፑቶ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው የማይለወጥ ቁጥር ላይ ነው። የ5 ካፑቶ ግማሽ ዴሪቬቲቭ ዜሮ ነው፤ በሪማን-ሊዩቪል ግን 5/√(ፓይ × ጊ)። ለካፑቶ «መነሻው ሙቀት 12 ነው» ማለት ይበቃል፤ ለሌላኛው መነሻው ራሱ በክፍልፋይ ኢንቴግራል መሰጠት አለበት፣ እሱን ደግሞ በቴርሞሜትር የሚለካው የለም። በእኛ ምሳሌ መነሻው ዜሮ ስለሆነ ሁለቱ ገጠሙ። ከአንዱ መጽሐፍ ቀመር፣ ከሌላው መነሻ ሁኔታ ወስዶ የሚያዳቅል ሰው ግን መነሻው ዜሮ ካልሆነ የማይገናኝ መልስ ያገኛል።

ግድግዳው ቀጭን ቢሆንስ?

ግማሽ ዴሪቬቲቩ ልክ የሚሆነው ሙቀቱ የግድግዳውን ሌላ ፊት እስኪደርስ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግድግዳ በምሽቱ 4 ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ በደንብ የሚሰማው እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነውና ውጭ ያለውን ውርጭ ገና አላወቀም፤ ስሌቱ ይሠራል። በዚያው ቤት ቀንና ሌሊት ለሳምንት ቢነድድ ግን ሙቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ግማሽ ዴሪቬቲቩም አብሮ ያበቃል። የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ደግሞ ገና ከጅምሩ አይሠራም፤ ቆርቆሮ የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለው ተራ ዲፈረንሻል እኩልዮሽ ይበቃዋል።